እማዬና ባሕሩ

የክሩዝ ጉዞ ማለቁን የሚያረዳችሁ ወረቀት ነው። ማታ ከእራት ስትመለሱ አልጋ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ባለ ቀለም የሻንጣ መለያ፣ ከመርከቡ የምትወርዱበት ሰዓት፣ የሒሳብ ማሳሰቢያ፣ «ሻንጣችሁን ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት ኮሪደር ላይ አውጡ» የሚል መመሪያ። ለእኛ የደረሰን ከአላስካዋ ከተማ ከኬቺካን በተነሳንበት ምሽት ነው። ከፊታችን አንድ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ አለ። ከዚያ ማታ ካናዳ ውስጥ ያለችው ቪክቶሪያ፣ በነጋታው ጠዋት ሲያትል። ልጆቹ ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። እማዬ ግን መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየችውና «ተመስገን፤ ቤታችን ልንገባ ነው» አለች።

ስለ አላስካ ጉዞ ብዙ ተጽፏል። ስለ በረዶው፣ ስለ ዓሣ ነባሪው፣ ስለ ቡፌው። እኔ ልጽፍ የፈለግሁት ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ነው። እናቴ ስለ ቤሩት ያወራችኝ ያኔ ነው። አንድ ቤት ውስጥ አብረን መኖር ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ልጆቼን ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ቤሩት ሠርታ እንዳሳደገችን እኔም ወንድሜም እናውቃለን። ከዚያ ያለፈውን ግን እኛም ጠይቀን አናውቅ፣ እሷም ነግራን አታውቅ።

ጉዞውን ያሰበው ወንድሜ ነው። እማዬ 70 ዓመት ሞላት። ልጆቹ አድገው የየራሳቸውን መንገድ ሳይዙ ሁላችንም አንድ ላይ የምንሰነብትበት ነገር ሲፈልግ ነበር። እሱ የሚኖረው ዴንቨር ነው፣ እኛ ሲያትል። ብዙዎቹ የአላስካ መርከቦች የሚነሱት ከዚሁ ከሲያትል ስለሆነ እማዬ አውሮፕላን መሳፈር አላስፈለጋትም። ለጉልበቷ ትልቅ ነገር ነው። ያሳሰባት የወረቀት ጉዳይ ነበር። «ካናዳ ያስገባሉ ወይ? እኔ እኮ የያዝኩት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው» አለች። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልበለው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጸደይ ጀምሮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ለመግባት ቪዛም የኤሌክትሮኒክ ፈቃድም አያስፈልገውም። ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርቱንና ግሪን ካርዱን መያዝ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአጭሩ ልለፋቸው። ጁኖ ላይ ዓሣ ነባሪ አየን። ግሌሸር ቤይ ላይ የፓርኩ ጠባቂዎች መርከባችን ላይ ወጥተው ለልጆቹ አስረዱ። በቀን ከሁለት ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች በላይ እዚያ አይገባም። ከ230 ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወሽመጡ በሙሉ ማለት ይቻላል በረዶ ነበር፤ አሁን በረዶው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። እማዬ ጋቢዋን ደርባ ቆማ በረዶው እየተገመሰ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ስታይ አማተበች።

ኬቺካን ደግሞ የዝናብ ከተማ ነው። በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ይዘንብበታል፤ የአዲስ አበባን ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዘመኑ ነሐሴ ስለሆነ ሳልመኖቹ ከባሕር ወደ ወንዙ የሚወጡበት ጊዜ ነበር። ከተማውን አቋርጦ በሚወርደው ወንዝ ላይ ድልድዩን ተደግፈን አየናቸው። ጅረቱን ሽቅብ ይዘሉታል፤ ይመልሳቸዋል፤ ደግሞ ይዘሉታል። የተፈለፈሉበት ቦታ ደርሰው እንቁላላቸውን ይጥሉና ይሞታሉ። ልጄ ይህን ስትሰማ «እና ልጆቻቸውን አያዩአቸውም?» አለች። «አያዩአቸውም» አልኳት። እማዬ ምን እንደተባባልን ጠየቀችኝ፣ ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ወንዙን አየች። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ ፊሊፒናዊ ነው። ልጅ አልኩት እንጂ ወደ አርባ ይጠጋል። መርከብ ላይ ከመግባቱ በፊት ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሠርቷል። እማዬ እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነው፤ አረብኛዋ ግን አልጠፋትም። ሁለቱ በተሰባበረ አረብኛ ሲግባቡ ስሰማ መጀመሪያ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ማማ» ይላታል። እሷ በአማርኛ «ልጄ» ትለዋለች፤ ትርጉሙን ነግራዋለች።

እማዬ የተኛችው ከልጄ ጋር ነው። በየጠዋቱ እሱ ከመምጣቱ በፊት አልጋውን ታነጥፋለች። ፎጣዎቹን አጣጥፋ ትደረድራለች። መታጠቢያ ቤቱን ትወለውላለች። «እማዬ፣ ተዪው እንጂ፤ እኮ ለዕረፍት ነው የመጣሽው፤ ተከፍሎበታል» አልኳት። «እሱስ አይደክመውም?» አለችኝ። አንድ ቀን ሌላ እንግዳ ክፍል በር ላይ ጋሪውን አቁሞ ጀርባውን ሲያሻሽ አየችው። ስንት ክፍል እንዳለው ጠየቀችው። አሥራ ስምንት አላት፤ ጠዋትም ማታም። የዕረፍት ቀኑ መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ሰዓቶች እንጂ ሙሉ ቀን የለም አላት። ሁለት ልጆች አሉት። ኮንትራቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ይቀረዋል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከእሷ ነው። እኔ የእሱን ልጆች ብዛት ለመጠየቅ አልደረስኩም ነበር፤ እሷ ሁለተኛው ቀን ላይ ስማቸውን ታውቅ ነበር።

ከኬቺካን ወደ ደቡብ ስንወርድ መርከቡ ከቫንኩቨር ደሴት በስተ ምዕራብ፣ ክፍት በሆነው ፓሲፊክ በኩል ነው የሚያልፈው። እስከዚያ ድረስ ግራና ቀኝ ተራራ ነበር፤ ውኃው የረጋ። አሁን ግን መርከቡ መንገዳገድ ጀመረ። ልጆቹ ተኙ። ባለቤቴ ተኛ። የወንድሜ ሚስት መድኃኒት ውጣ አልጋዋን ያዘች። እማዬ ከቤት ዝንጅብል ይዛ መጥታ ነበር። በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋ ለሁሉም አደለች። ፍልሰታ የገባችው መርከቡ ላይ ሳለን ስለሆነ እሷ ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀመሰችም። (ለጾመኞች፦ ቡፌው ላይ የሕንዶቹን ምግብ ፈልጉ። ምስር፣ ሽምብራና ሩዝ በየቀኑ አለ። ቅቤ ያልገባበትን ጠይቁ፤ ምግብ አብሳዮቹ ራሳቸው ለይተው ያሳዩአችኋል።)

ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ስገባ በረንዳው ላይ አገኘኋት። ወንድሜ ባለ በረንዳ ክፍል የከፈለላት ተቀምጣ ባሕሩን እንድታይ ብሎ ነው። እሷ ግን ፎጣ አርጥባ የበረንዳውን መስታወት ትወለውላለች። ነፋሱ ጨው ይረጫል፤ ጨዉ መስታወቱ ላይ ይደርቃል። «እማዬ፣ ባክሽ ቁጭ በይ» አልኳት። ፎጣውን ጨምቃ አጠፈችና ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ብዙ ከቆየን በኋላ «ቤሩትም እንዲህ ነው ጨው የሚይዘው» አለች።

«ምኑ?»

«በረንዳው። ስድስተኛ ፎቅ ነበርን። ባሕሩ ፊት ለፊት ነው። በየጠዋቱ መስታወቱን አጥባለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ጨው ይይዛል።»

ከዚያ ቀጠለች። ወደ እኔ ሳትዞር፣ ባሕሩን እያየች ነው የምታወራው። ቤሩት የገባችው በ1986 ዓ.ም. ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ አብቅቶ ከተማው እየተሠራ የነበረበት ጊዜ ነው። በወር 100 ዶላር ነው ያሏት። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደሞዝ ለደላላው ሄደ። ፓስፖርቷን ኤርፖርት ላይ አሠሪዋ ተቀበሏት፤ ዳግመኛ ያየችው ወደ አገሯ ስትመለስ ነው። እመቤቲቱ ከቤት ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉታል። ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ትወጣለች። ከታች በባሕሩ ዳር ሰው ይንሸራሸራል። ኮርኒሽ ነው የሚሉት። ልጅ የያዘ አለ፣ ብስክሌት የሚነዳ አለ፣ በቆሎ የሚሸጥ አለ።

«ያንን ሁሉ ዓመት ባሕሩን አየሁት» አለችኝ። «አንድ ቀን እግሬን አላስነካሁትም።»

ምን እንደምል አላወቅኩም። እኔ የማውቀው ቤሩት ሌላ ነው። ደሴ፣ አያቴ ቤት፣ በዓል ሲደርስ ከሰው ጋር የሚላክ ሻንጣ። ሻንጣው ሲከፈት የሚወጣው የሳሙና ሽታ። ቀይ ጫማዬ። ካሴቱ። ያኔ ስልክ መደወል ውድ ነበር፤ ድምጿን ካሴት ላይ ቀርጻ ትልክልን ነበር። «ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። አያቴ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ እንሰማዋለን። «በጣም ደህና ነኝ» የሚለውን እኔ አምኜው ነው ያደግሁት።

«ካሴቱን መቼ ነበር የምትቀርጪው?» አልኳት።

«ሌሊት። ሁሉም ሲተኛ። ወጥ ቤት ነው የምተኛው፤ ብርድ ልብሱን እከናነብና ቀስ ብዬ።»

ለዚህ ነው ድምጿ ሁልጊዜ ሹክሹክታ የሚመስለው። እኛ ቴፑ ተበላሽቶ ነው እንል ነበር።

ስለዚያ ክፍሉን ስለሚያጸዳው ሰውዬ ለምን እንደምትጨነቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ደግሞም የሁለቱን ነገር ሳስብ አንድ ልዩነት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የባሕር ሠራተኞችን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከ2013 ጀምሮ ይሠራበታል። አንድ መርከበኛ፣ አልጋ አንጣፊውም ጭምር፣ በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሰዓት፣ በሳምንት ከ72 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም፤ ወይም ለዚህ የሚመጣጠን ዕረፍት ሊያገኝ ይገባል። 72 ሰዓት ብዙ ነው፤ ከባድ ነው። ግን የተጻፈ ቁጥር አለ። የፊሊፒንስ መንግሥት ደግሞ መርከበኞቹ ከመነሻ ደሞዛቸው ቢያንስ 80 በመቶውን በቀጥታ ለቤተሰብ እንዲልኩ ያስገድዳል። ሰውዬው ይህን ሲነግራት እማዬ «ደግ ሕግ ነው» ብላዋለች። ሊባኖስ ውስጥ ግን የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አይመለከታቸውም። የሥራ ሰዓታቸውን የሚቆጥር የለም። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ካፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ከአሠሪያቸው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ናት። በእማዬ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ ከእሷ በኋላ የሄዱትን ስንት እህቶቻችንንም ያገኛቸው ይኸው ነው። ይህን ስጽፍ እልህ ይዞኛል። መርከብ ላይ፣ በውቅያኖስ መሃል ሊሠራ የቻለ ሕግ ሰው ቤት ውስጥ የማይሠራበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

ወደ ቪክቶሪያ ልመለስ። መርከቦቹ እዚያ የሚቆሙት ከተማው ስላማረ ብቻ አይደለም። በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ መንገደኛ ሲያመላልስ ባዕድ አገር ሳይነካ መመለስ አይችልም። ትልልቆቹ የመንገደኛ መርከቦች ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል የተመዘገቡት ባሃማስ፣ ፓናማ ወይም ሌላ አገር ነው። ስለዚህ ማታ ለጥቂት ሰዓታት ካናዳን ነክተው ያልፋሉ። በ2021 ካናዳ በኮቪድ ምክንያት ወደቦቿን ስትዘጋ የአሜሪካ ምክር ቤት ለጊዜው ሕጉን የሚያላላ አዋጅ ካላወጣ በስተቀር የአላስካ ጉዞ የማይታሰብ ሆኖ ነበር።

እኛ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። በአውቶቡስ ወደ መሃል ከተማው ሄድን። ፓርላማው በሺዎች በሚቆጠሩ አምፖሎች ዙሪያውን በርቷል። መጀመሪያ ያበሩት በ1897 እ.ኤ.አ. ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበትን 60ኛ ዓመት ሲያከብሩ ነው። ወንድሜ ይህን ለልጆቹ ሲያስረዳ እማዬ ጣልቃ ገባች።

«የትኛዋ ቪክቶሪያ? የዓለማየሁ?»

«አዎ፣ እሷው ናት።»

ልጆቹ ዓለማየሁ ማን እንደሆነ አያውቁም። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገርናቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ እንግሊዞች የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ባሕር እንደወረዱ። ባሻ ፈለቀ የሚባለው እንግሊዛዊ ሞግዚት ሆኖ እንዴት እንደወሰደው። ከዙላ በመርከብ እንደሄደ። ንግሥቲቱ ተቀብለው እንዳስተማሩት። በ18 ዓመቱ በ1879 እ.ኤ.አ. ሊድስ ላይ ታሞ እንደሞተና ዊንዘር እንደተቀበረ። በ2023 እ.ኤ.አ. ቤተሰቡ አጽሙን ሲጠይቅ ቤተ መንግሥቱ በዙሪያው ያሉትን ሌሎች መቃብሮች ሳይረብሹ ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ እምቢ እንዳለ።

«እናቱስ?» አለች እማዬ። ታሪኩን ብታውቀውም ይቺን አታውቃትም ነበር።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከልጇ ጋር ነበር የተነሣችው፤ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞተች። ይህን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። የወንድሜ ትንሹ ልጅ «ታዲያ ማን ነበር የሚያባብለው?» አለ። መልስ የሰጠው የለም።

ወንድሜ የበረንዳውን ወሬ ከእኔ ሰምቶ ነበር። ከመርከቡ ማቆሚያ ብዙም ሳይርቅ ጠጠር የሞላበት የባሕር ዳርቻ አለ። «እማዬ፣ ነይ እንውረድና እግርሽን ንከሪ» አላት። አይኑ እንባ አቅርሯል። ሁላችንም ጓጉተናል። ስልክ ያወጣም ነበር።

«ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ላዩ ላይ ስተኛ አይደለም እንዴ የሰነበትኩት! ይልቅ ይበርዳል፤ ልጆቹን አስገቡ።»

ስልኮቹ ወደ ኪስ ተመለሱ። ስለ እሷ የእኛ ልብ የሚፈልገውንና የእሷ ልብ የሚፈልገውን ያን ማታ ለየሁ።

ሌሊቱ የሻንጣ ሌሊት ነው። አሥር ሰው ልብስ ሲያጥፍ ያለውን ትርምስ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ ሻንጣውን ኮሪደር ላይ ከማውጣታችሁ በፊት የነገውን ልብስ፣ ጫማ፣ መድኃኒትና ፓስፖርት በእጅ ቦርሳ ለዩ። ሻንጣው ከወጣ በኋላ የምታገኙት ወደቡ ላይ ነው። በየጉዞው አንድ ሰው በነጠላ ጫማና በፒጃማ መውረዱ አይቀርም ብሎ የነገረን ያው ሰውዬ ነው።

ጉርሻውን መርከቡ ራሱ ከሒሳባችን ቆርጦታል። ብዙዎቹ መርከቦች በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይቆርጣሉ፤ ለሠራተኞቹ ይከፋፈላል። እማዬ ይህን ነግረናት አልተቀበለችም። «በእጁ ነው የሚሰጠው» አለች። ከራሷ ቦርሳ፣ በመሐረብ ከቋጠረችው፣ ቆጥራ ፖስታ ውስጥ አደረገች። ስንት እንደሆነ አልነገረችንም። ሰውዬው ሲመጣ በሁለት እጇ ሰጠችው። እሱም በሁለት እጁ ተቀበላት። ከዚያ በአረብኛ ረዘም ያለ ነገር ነገረችው። ሳቀ፤ ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ምን እንዳለችው በኋላ ጠየቅኋት። ለልጆችህ ድምፅህን ቀርጸህ ላክላቸው፤ ድምፅ አይረሳም ብላው ነው። እሱ ደግሞ አሁን መርከቡ ላይ የሳተላይት ኢንተርኔት ስላለ ማታ ማታ ፊታቸውን እያየ እንደሚያወራ፣ የልጁን የሒሳብ የቤት ሥራ በስልክ እንደሚያሠራት ነግሯታል። «እዚህ ሆኖ የቤት ሥራ ያሠራል!» አለችኝ። ይህን እያነሳች ቤት እስክንገባ ስትገረም ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲያትል ነበርን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የሬኒየር ተራራ በረዶውን ለብሶ ከከተማው ጀርባ ቆሟል። ትልቅ ተራራ ነው፣ 4,392 ሜትር። ራስ ዳሸን ግን ይበልጠዋል፤ ይህን ለልጆቹ በየአጋጣሚው እነግራቸዋለሁ። ቁርስ ላይ ሁሉም ዝም ብሏል። ኮሪደሩ በአንሶላ ክምር ተሞልቷል። ለካ እኛ ስንወርድ ሌላው እንግዳ እኩለ ቀን ላይ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ መርከቡ እንደገና ይነሳል። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ አሥራ ስምንቱም ክፍል እንደ አዲስ መሆን አለበት። እማዬ አንሶላዋን ገፍፋ፣ ትራሷን አውጥታ፣ ሁሉንም በር ላይ አጣጥፋ አስቀምጣለታለች። ሰውዬው ሲያልፍ አየና ቆመ። ቶሎ አቅፋው ግንባሩን ሳመችው። «ኸላስ፣ ሂድ ሥራህ ላይ» አለችው። የስንብቱ ነገር ይኸው ነው።

መውረዱ የጠበቅነውን ያህል አልከበደም። ቁጥራችን ሲጠራ ወጣን። ሻንጣው በየቀለሙ ተደርድሯል። ኢሚግሬሽኑ ፊትን በካሜራ አይቶ ያሳልፋል፤ የእማዬን ግሪን ካርድ አይተው «እንኳን ደህና መጡ» አሏት። ከወደቡ እስከ ቤታችን ግማሽ ሰዓት ነው። ይህ ለእኔ እንግዳ ስሜት ነበር። ያን ሁሉ በረዶና ባሕር አይተን፣ የምናውቀውን መብራት ዞረን፣ የምናውቀው ግቢ ውስጥ ገባን።

ቤት ስንገባ ወለሉ ይንቀሳቀሳል። በእውነት ይንቀሳቀሳል። አእምሮ የመርከቡን መወዛወዝ ለምዶት መሬት ላይ ሲመለስ ወዲያው አይተወውም፤ ለብዙ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ የምጣዱን ጠርዝ ይዛ ቆማ «ይሄ ቤት እየሄደ ነው» አለች፤ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ሥራ ጀመረች። እርሾዋን ከፍሪጅ አወጣች፣ አሸተተች፣ «አልሞተም» አለች፣ ጤፉን አቦካች። ማንም አላስቆማትም። እሷ ለቤቷ ስትሠራና ለሰው ቤት ስትሠራ አንድ እንዳልሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወንድሜና ቤተሰቡ ያንኑ ቀን ማታ በረሩ። ኤርፖርት ልጆቹ ተላቀሱ። ወንድሜ ሲሰናበተኝ «እነዚያ ካሴቶች የት ነው ያሉት?» አለኝ። እኔም ስለዚያው ሳስብ ነው የሰነበትኩት። በነጋታው ደሴ አክስቴ ጋ ደወልኩ። አያቴ ስታርፍ ዕቃዋን የወሰደችው እሷ ናት። ሣጥን ውስጥ ፈልጋ አንድ ፌስታል ሙሉ አገኘች። ብዙዎቹ ላይ በኋላ መዝሙር ተቀድቶባቸዋል። ጥቂቶቹ ግን እንዳሉ ናቸው። የሚመጣ ሰው ስናገኝ ይላኩልናል።

እስከዚያው እማዬ ራሷ እያወራች ነው። ማንም አላዘዛትም። ማታ እራት ካነሳን በኋላ ቡና ይፈላል፣ ልጄ ስልኳን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ እማዬ ትቀጥላለች። በእሑድ ቀን ዶራ አደባባይ ስለሚገናኙት ሀበሾች። የጸጉር ዘይቷን ስላካፈለቻት የኮምቦልቻ ልጅ፤ አሁን የት እንዳለች በፌስቡክ እየፈለግንላት ነው። ትናንት ማታ የ1988 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ደርሳለች። የእስራኤል አውሮፕላኖች ቤሩት ዙሪያ ያሉትን የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች የመቱ ጊዜ ነው። መብራት ጠፋ፣ ሊፍቱ ቆመ። ያን ሰሞን ውኃ በጀሪካን ስድስት ፎቅ ተሸክማ የምታወጣው እሷ ናት። ልጄ «እመቤቲቱ አላገዘችሽም?» አለቻት። «አንድ ቀን አግዛኛለች» አለች እማዬ። ልጄ ደግሞ ለምን አንድ ቀን ብቻ፣ የትኛው ቀን፣ ምን ተባባላችሁ እያለች ያዘቻት።

ፍልሰታ ሳይፈታ ቤሩትን እጨርሳለሁ ብላ ነበር። በልጄ አጠያየቅ ከሄድን ግን ለዘመን መለወጫም የምንደርስ አይመስለኝም።